የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ሳለች፣ በ1961 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለባት። ገንዘቡ የመጣው ጣሊያን ለወረራዋ ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ወስኖላት ነበር፤ ክፍያው ግን ዓመታት ተጓቶ፣ መጠኑም በኋላ በድርድር ተቀነሰ። በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብም የዚሁ ካሳ ፍሬ ነው። የፈሰሰውን ደም የሚተካ ካሳ የለም፤ የተገኘው ግን ለሥራ ዋለ።

የፋብሪካው ሙያ ለአገሬው እንግዳ አልነበረም። በየቤቱ ጥጥ ይፈለቀቃል፣ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። ማሽኑም ይህንኑ ተራ ይከተላል። ታስሮ የመጣው ጥጥ ተበትኖ ይጸዳል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፤ ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል፤ ተሸምኖም ይነጣል ወይም ይቀለማል። ክፍሎቹ ሥራውን እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሰፋፊ አዳራሾች ይፈልጋል። በአዳራሾቹ ውስጥ አየሩ እርጥበት ሊኖረው ይገባል፤ ሲደርቅ ፈትሉ ይበጣጠሳል።

ማሽን ደግሞ ኃይል ይሻል። በ1964 ጢስ ዓባይ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶ ለፋብሪካውና ለከተማዋ ኃይል ሰጠ። ባለሙያም ያስፈልግ ነበርና፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ወጣቶችን በጨርቃ ጨርቅ ሙያ ማሠልጠን ያዘ። ፖሊቴክኒኩ በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ቀጥሏል።

ካሳው የተከለው ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ መብራቱም፣ ትምህርቱም፣ ደመወዝተኛው ሠራተኛም ከፋብሪካው ጋር አብረው አደጉ። ስለ አገራችን ቅርስ ስናወራ ቤተ መንግሥትና ቤተ እምነት ቀድመው ይታወሱናል፤ ሺዎች ሠርተው ያደሩበት አዳራሽ ግን ይዘነጋል። የባሕር ዳር ፋብሪካ ሕንፃ ከቅርሶቻችን ተርታ ሊመዘገብ ይገባዋል። ከፈታዮቹና ከሸማኞቹ መካከል በሕይወት ያሉት ሳያልፉም ታሪካቸው ይጻፍ።