ሻምፓኝ፤ የአገር ስም የንግድ ሀብት የሆነበት ምድር

በፈረንሳይ አገር ከፓሪስ ከተማ በስተ ምሥራቅ ሻምፓኝ የሚባል የጥንት ክፍለ አገር ይገኛል። ይህ ስም በዓለም ነጋዴዎች ዘንድ የሚታወቀው አረፋ ባለው የወይን ጠጅ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠጁ ዝና ከማግኘቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ምድሩ የታላላቅ ገበያዎች ምድር ነበረ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ የጥንቱን የገበያ ከተሞች፥ ነገሥታት ዘውድ የጫኑበትን ካቴድራልና የወይን ጠጁን ምድር ቤቶች በአንድ ጉዞ ለመመልከት ይችላል። ለነጋዴ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው፥ የአንድ ቦታ ስም በምን ዓይነት ሥርዓት ሀብት ለመሆን እንደ በቃ መረዳቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ ገበያ

በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ኮንት የሚባሉት የሻምፓኝ መሳፍንት በላኚ፥ በባር ሱር ኦብ፥ በፕሮቫንና በትሯ ከተሞች በየዓመቱ ስድስት ታላላቅ ገበያዎች ያቆሙ ነበር። ከሰሜን የፍላንደርስ ነጋዴዎች የሱፍ ጨርቅ፥ ከደቡብ የኢጣልያ ነጋዴዎች ቅመማ ቅመምና ሐር ይዘው በእነዚህ ከተሞች ይገናኙ ነበር።

ገበያው የደራበት ምክንያት የመንገዱ ምቹነት ብቻ አልነበረም። ኮንቶቹ ለመንገደኛው ነጋዴ ጥበቃ ይሰጡ ነበር፤ የገበያ ጠባቂዎች የተባሉ ሹማምንትም ውል ሲፈርስ ይዳኙ ነበር። ዕዳውን ሳይከፍል የሸሸ ነጋዴ ወደ ገበያው እንዳይመለስ ይከለከላል። የመጣበት ከተማ ዳኞች ዕዳውን ሳያስከፍሉ የቀሩ እንደ ሆነ ደግሞ ክልከላው በከተማው ነጋዴዎች ሁሉ ላይ ሊደርስ ይችል ነበር። ከዚህም የተነሣ ነጋዴው ብዙ ገንዘብ ሳይሸከም፥ በሚቀጥለው ገበያ ለመክፈል በጽሑፍ ብቻ ተዋውሎ ለመነገድ ቻለ።

ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የጄኖቫ መርከቦች በባሕር ወደ ፍላንደርስ መመላለስ ስለ ጀመሩ፥ ጦርነትም መንገዱን ስላወከው፥ ገበያዎቹ እየተዳከሙ ሄዱ። ከተሞቹ ግን ቀርተዋል። የፕሮቫን ቅጥርና የጥንት ቤቶች በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። በትሯ ከተማም ከ1524ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የተሠሩት የእንጨት ቤቶች ጎዳናውን አስጊጠውት ይታያሉ። የዓለም ወርቅ እስከ ዛሬ የሚመዘንበት 31.1 ግራም የሆነው የትሮይ ወቄት ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ እንደ ሆነ ይነገራል።

ካቴድራሉና ምድር ቤቱ

በራንስ ከተማ የሚገኘው የእመቤታችን ካቴድራል ሥራው በ1211 የተጀመረ ሲሆን፥ የፈረንሳይ ነገሥታት እስከ 1825 ድረስ ዘውድ የሚጭኑት በዚህ ስፍራ ነበር። በመስከረም ወር 1914 በመድፍ ተደብድቦ ከተቃጠለ በኋላ ታድሶ በ1938 እንደገና ተከፈተ።

ከከተማው በታች ደግሞ ጥንት ለሕንፃ የሚሆን ጠመኔ መሰል ነጭ ድንጋይ የተቆፈረባቸው ጥልቅ ዋሻዎች አሉ። ቅዝቃዜያቸው ክረምት ከበጋ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ስለሚሆን ጠጁን ለማሳደር እጅግ ተስማሚ ናቸው። የወይኑ ዘለላ በእጅ ብቻ ይለቀማል። ጠጁ በጠርሙስ ከገባ በኋላ በእርሾና በስኳር ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል፤ አረፋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠርሙሱ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 15 ወር፥ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሆነው ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት።

ይህን ጠጅ በዓለም ካስተዋወቁት ነጋዴዎች አንዷ ወይዘሮ ክሊኮ ናቸው። በ1805 ባላቸው ሲሞቱ የ27 ዓመት ሴት የነበሩት እኒህ ወይዘሮ ንግዱን ራሳቸው ያዙ። በ1814 የናፖሌዎን ጦርነት ሊያበቃ ሲል፥ ሌሎች ነጋዴዎች መንገዱ እስኪከፈት ሲጠባበቁ፥ እርሳቸው ጠርሙሶቻቸውን በመርከብ ጭነው ወደ ሩስያ በመላክ ቀደሟቸው።

ስለ ስሙ የተነሣ ጠብ

ዝናው ሲበዛ ስሙን ያለ አግባብ የሚጠቀሙበት ሰዎችም በዙ። የወይን ተባይ አትክልቱን ባጠቃበትና የ1910 ምርት ፈጽሞ በተበላሸበት ጊዜ፥ አንዳንድ ነጋዴዎች ከሌላ ክፍለ አገር ርካሽ ወይን አስመጥተው በሻምፓኝ ስም ይሸጡ ነበር። እንጀራቸው የተነካባቸው ገበሬዎች በ1911 ተነሥተው በርሜሎችን ሰበሩ፤ በአኢ ከተማም የነጋዴዎችን ቤቶች አቃጠሉ፤ መንግሥትም ጦር ሠራዊት አዘመተ። ጥፋቱ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ሆነ። የ1927 ሕግ ወሰኑን ለየ፤ በ1936 ስሙ በመንግሥት የተጠበቀ የትውልድ ቦታ ስም ሆነ፤ በ1941 ደግሞ ገበሬዎችና የንግድ ቤቶች በእኩልነት የሚወከሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1993 አንድ የሽቶ ኩባንያ ምርቱን ሻምፓኝ ብሎ ቢሰይም እንኳ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ከልክሎታል።

የአገሩ ማዕድና በዓል

በየዓመቱ ጥር 22 ቀን የወይን ገበሬዎች የጠባቂያቸውን የቅዱስ ቪንሴንትን በዓል በማኅበር በማኅበር ተሰልፈው ያከብራሉ። በአዝመራ ጊዜ የሚቀርበው ምግብ ጥቅል ጎመን፥ ድንችና የዓሣማ ሥጋ ተቀላቅሎ የሚቀቀልበት ነው። ትሯም ከዓሣማ አንጀት በሚሠራ ቋሊማ ትታወቃለች። የዓሣማ ሥጋ ለማይበላ እንግዳ የሻውርስ ለስላሳ አይብና የራንስ ቀይ ዳማ ብስኩት ይገኙለታል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም

ሻምፓኝ የሚያስመጣ ነጋዴ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አጥብቆ ይመርምር። በትንንሹ ከታተመው መለያ ቁጥር ፊት ያሉት ሁለት ፊደላት፥ ጠጁን ያዘጋጀው ወይኑን ያመረተው ገበሬ ራሱ ይሁን ወይስ ወይን ገዝቶ የሚሠራ የንግድ ቤት መሆኑን ያስረዳሉ።

ቡና ወደ ውጭ ለሚልክ ኢትዮጵያዊ ነጋዴም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ጥያቄ አቅርቦ፥ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። የንግድ ምልክት ስሙ የማን እንደ ሆነ ያስታውቃል፤ በስሙ የሚሸጠው ዕቃ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚቆጣጠር ደንብ ግን ለብቻው ያስፈልጋል። የሻምፓኝ ገበሬና ነጋዴ ከተጣሉ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ይህን ደንብ ለማቆም ነበር። የአንድ ከረጢት ቡና ስም ከሌላ ቦታ ቡና ጋር ተቀላቅሎ በወጣ ጊዜ፥ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያ ስም በሚነግድ ሁሉ ላይ ነውና።