የባንኩና የመዝገቡ ቁጥር ሲለያይ፦ የነጋዴው ትክክለኛ ገንዘብ ስንት ነው?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ከባንክ የሂሳብ መግለጫ የሚያወጣ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ቁጥር ከራሱ መዝገብ ጋር አይገጥምም። አንዳንዱ «ባንክ አይሳሳትም» ብሎ የራሱን ቁጥር ይሰርዛል። ሌላው መግለጫውን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ሁለቱም አያዋጣም። ለመሆኑ ትክክለኛው ቁጥር የትኛው ነው?

መልሱ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ያልተሟሉ ናቸው የሚል ነው። ባንኩ ነጋዴው የሚያውቀውን ሁሉ አያውቅም፤ ነጋዴውም ባንኩ የሠራውን ሁሉ አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሥራ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ይባላል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የማቻክል ወረዳ ዋና ከተማ አማኑኤል፣ ጤፍ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን አንድ ነጋዴ በምሳሌነት ይወሰድ። ሰኔ 30 ቀን የባንኩ መግለጫ 186,400 ብር ያሳያል። የነጋዴው መዝገብ ግን 171,250 ብር ይላል። ልዩነቱ 15,150 ብር ነው።

በባንኩ በኩል

ሥራው የሚጀምረው የመግለጫውን መስመር ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከሩ ምልክት በማድረግ ነው። ምልክት ሳይደረግበት የቀረው ሁሉ የልዩነቱ ምክንያት ነው።

ነጋዴው ሰኔ 30 ቀን ወደ ሂሳቡ ያስገባው የሌላ ባንክ ቼክ 24,000 ብር ገና አልተወራረደም፤ ይህ በባንኩ ቁጥር ላይ ይደመራል። ለጭነት መኪና 18,500 ብር፣ ለጆንያ 9,200 ብር የጻፋቸው ሁለት ቼኮች ደግሞ ለክፍያ አልቀረቡም፤ 27,700 ብር ይቀነሳል። የሌላ ደንበኛ 6,000 ብርም በስህተት በእርሱ ሂሳብ ገብቷል፤ ይኸም ይቀነሳል። ውጤቱ 176,700 ብር ይሆናል።

ባንክ አይሳሳትም የሚባለው ነገር እንደማይሠራ መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የሲስተም ችግር አሳይቷል። ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አዛወሩም። ባንኩ በኋላ ያስታወቀው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ያለ አግባብ የገባ ገንዘብ ተመላሽ ስለሆነ ስህተቱን ለባንኩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበጃል።

በመዝገቡ በኩል

የአዲስ አበባው ደንበኛ ሳይናገር በሞባይል 32,000 ብር አስገብቷል፤ ይደመራል። ከደብረ ማርቆስ ደንበኛ የተቀበለው የ26,000 ብር ቼክ ስንቅ የለውም ተብሎ ተመልሷል፤ ይቀነሳል። ባንኩ 370 ብር የአገልግሎት ክፍያ ወስዷል። ለሚዛን ጥገና የተከፈለው 4,530 ብር ደግሞ በመዝገቡ 4,350 ተብሎ ተጽፏል፤ 180 ብር ይቀነሳል። ውጤቱ 176,700 ብር ነው። ሁለቱ ታረቁ።

ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 ሲካፈል፣ ልክ እንደ 180 ብሩ፣ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ያንን መፈለግ ድካም ይቀንሳል።

ማስተካከያው የሚመዘገበው የት ነው?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በባንኩ በኩል የተገኙት ልዩነቶች በነጋዴው መዝገብ አይመዘገቡም፤ ቼኮቹን ቀድሞ መዝግቧቸዋልና። የማስተካከያ ምዝገባ የሚያስፈልጋቸው በመዝገቡ በኩል የተገኙት አራቱ ብቻ ናቸው።

ለ32,000 ብሩ ባንክ ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት ይደረጋል። ለተመለሰው ቼክ ተሰብሳቢ ሂሳብ በ26,000 ብር ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ይሆናል፤ ዕዳው በደንበኛው ላይ ተመልሷልና። ለአገልግሎት ክፍያው የባንክ ወጪ በ370 ብር፣ ለስህተቱ የጥገና ወጪ በ180 ብር ዴቢት ሆነው ባንክ በሁለቱም ክሬዲት ይደረጋል።

በባንኩ መግለጫ ላይ «ዴቢት» ማለት ወጪ ሆኖ መታየቱ ግር ሊያሰኝ አይገባም። የደንበኛው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ አጻጻፉ የተገላቢጦሽ ነው።

በዓመት መዝጊያ ከባንክ ጋር ያልተያያዙ ማስተካከያዎችም አሉ። ነጋዴው ግንቦት 1 ቀን የስድስት ወር የመጋዘን ኪራይ 60,000 ብር ከፍሎ ከሆነ እስከ ሰኔ 30 ያለቀው የሁለት ወር 20,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 40,000 ብር ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ሆኖ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ያልተከፈለ የጫኝና አውራጅ ሂሳብም ካለ በዓመቱ ወጪነት መያዝ አለበት።

የቀኑ ጉዳይ

መግለጫው በፈረንጆች አቆጣጠር ከታተመ ሰኔ 30 ማለት ጁላይ 7 ነው። እስከ ጁን 30 ያለውን ብቻ አምጥቶ የሚያስታርቅ ሰው የሰባት ቀን ሥራ ይጎድለዋል፤ ልዩነቱንም ቢፈልግ አያገኘውም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ጥቅም ምንድን ነው? የአማኑኤሉ ነጋዴ 186,400 ብር አለኝ ብሎ ለጤፍ ግዥ የ180,000 ብር ቼክ ቢጽፍ ሣሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል። ያለው 176,700 ብር ነውና ወይ የጤፍ ሻጩ ወይ የመኪናው ባለቤት ባዶ እጁን ከባንክ ይመለሳል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ስንቅ እንደሌለ እያወቁ ቼክ ማውጣትን በእስራት ያስቀጣል። ሳያውቁ የጻፉም ቢሆኑ ክሱ ሲመጣ አለማወቃቸውን የሚያስረዱበት ሰነድ ያስፈልጋቸዋል። ተቀባዩ እንደሆነ ሌላ ጊዜ ከጥሬ ገንዘብ በቀር አልቀበልም ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ይህ ሥራ ለሰኔ 30 ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን ወር በወር የሚሠራ ነው። የአንድ ወር ልዩነት ጥቂት መስመር ነው፤ የአሥራ ሁለት ወር ሲከማች ግን የጭነቱ፣ የጆንያውና የሚዛኑ ወረቀት ተቀላቅሎ የሚያስታውሰው ሰው እንኳ ይጠፋል።