ለማያውቁት ሰው መጻፍ

«ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገን ሰው ካሜራ ፊት አስቀምጠው «የደረሰብህን ዘርዝር» ቢሉት አንደበቱ ይታሰራል። ደግነቱ የኦንላይን የሥነ ልቦና ሕክምና አንዱ ሥሩ ጽሑፍ ነው።

ነገሩ ከኢንተርኔት ይቀድማል። በ1986 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጀምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ተማሪዎችን ለአራት ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ክፉ ገጠመኛቸው አስጻፈ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ።

ዘዴውን ወደ ኢንተርኔት ያሻገሩት የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው አልፍሬድ ላንገና ባልደረቦቹ ናቸው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ «ኢንተራፒ» በሚል ስም። ታካሚው በአምስት ሳምንት አሥር ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ ይጽፋል። መጀመሪያ ጉዳቱ የደረሰባትን ያቺን ቀን አሁን እየሆነች እንዳለች አድርጎ፣ ከነሽታዋ ከነድምጿ። ቀጥሎ ያው ነገር ለደረሰበት ወዳጅ ምክር ይጽፋል። (እኔን የገረመኝ ይኼኛው ነው፤ ለራሱ ርኅራኄ የነፈገ ሰው ለወዳጁ ሲሆን እጁ ይፈታል።) በመጨረሻ ያንን ገጠመኝ የሚሰናበትበት ደብዳቤ። ሐኪሙ በየመሃሉ እያነበበ ይመልስለታል፤ ዐይን ለዐይን ግን አይተያዩም። ይኸው አካሄድ ኋላ ከበርሊን ተነሥቶ በአረብኛ ኢራቅ ድረስ ዘለቀ። በ2015 በታተመው ጥናት፣ የታከሙት ወረፋ ከሚጠብቁት ይልቅ ተሽሏቸው ነበር።

«ከጉዳት በኋላ እድገት»፣ ማለትም ሰው ከደረሰበት ክፉ ነገር ጋር ሲታገል ሊያድግ ይችላል የሚለው ሐሳብም የዚያው ዘመን ነው። ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን በ1996 ባለ 21 ነጥብ መጠይቅ አወጡለት። ሁለቱ ሕመሙ ይጠፋል አላሉም፤ እድገቱና ሕመሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ ነው ያሉት። መጠይቁን ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ «ተለውጫለሁ» ማለትና መለወጥ ለየቅል ናቸው።

ኋላ የኦንላይን ሕክምናው ንግድም ሆነ፤ ቶክስፔስ የተባለው ኩባንያ በ2012፣ ቤተርሄልፕ የተባለው በ2013 ገበያውን ተቀላቀሉ። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ቤተርሄልፕ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ያን ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው ምን ይፈረድበታል?

ብዙው ዓለም በኮቪድ ምክንያት ሐኪሙን በስክሪን ማየት የለመደው በ2020 ነው። ስክሪኑ ግን ለሁሉም አልደረሰም፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን በሕይወት መኖር እንኳ የሚጠይቅበት መስመር አልነበረውም።