ዛፍ የማትወጣው የዛፍ እንቁራሪት

የጭሮ፣ የበዴሳ፣ የገለምሶና የሂርና ተማሪዎች! የዛሬው ንባባችን ስለ እንቁራሪት ነው። በኦሮምኛ ራቻ የምትሏት ናት። «ደግሞ እንቁራሪት ምኗ ይነበባል?» አትበሉ።

ማሽላ አንድ ስም ነው። ማሳው ላይ ግን ሙይራ አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ ወገሬ አለ። ገበሬው አይቶ ይለያል። የእንቁራሪትም ነገር እንደዚሁ ነው። ሊቃውንት የሚቀራረቡትን ሰብስበው የወገን ስም ይሰጧቸዋል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዝርያ የራሱን ስም ይጨምሩበታል።

ከወገኖቹ አንዱ ሌፕቶፔሊስ ይባላል። እነዚህ የአፍሪካ የዛፍ እንቁራሪቶች ናቸው። የብዙዎቹ ጣት ጫፉ ሰፋ ያለ ነው፤ ቅጠልና ግንድ ይይዙበታል። በአገራችን ደጋ ጫካ የምትኖረው ራጋዚ እንዲህ ናት። ግራሚኔዎስ ግን ጉድ ናት! ወገኗ የዛፍ፣ ኑሮዋ የሣር። አፈር ቆፍራም ትገባለች። ስሟ ራሱ በላቲን «የሣር» ማለት ነው። በለንደን ሙዚየም ይሠራ የነበረው ቡላንዤ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ስሟን ሲያወጣላት ከሌላ ወገን ደምሯት ነበር። ወደ ሌፕቶፔሊስ የተዛወረችው ኋላ ነው።

ሁለቱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ከስምጥ ሸለቆው ወዲህም ወዲያም ባሉ ደጋዎች ይገኛሉ። መሐሉ ላይስ? የሉም። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። እናንተ በመኪና ታልፋላችሁ። የእንቁራሪት ቆዳ ግን ስስና እርጥብ ነው፤ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ ውሃም የምታገኘው በቆዳዋ ነው። ደረቁ ቆላ ያደርቃታል። ስለዚህ ደጋው ለእሷ ባሕር እንደከበበው ደሴት ነው። በቅርብ ዓመታት የዘር ውርሳቸው ሲመረመር፣ የወዲህና የወዲያ ማዶዎቹ ግራሚኔዎሶች ከተለያዩ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው ታውቋል። በአንድ ስም የምንጠራት አንዲት ላትሆን ትችላለች ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ደጋ ላይ ጫካው ሲያልቅ ራጋዚ ተነስታ ወደ ሌላው ደጋ አትሄድም። ያው ስስ ቆዳ መርዝም ያስገባል። ጫት የረጫችሁበትን ዕቃ ምንጭ ውስጥ አትጠቡ፤ ውሃው ውስጥ ያሉት ባለጭራ ልጆቿ ያልቃሉ፤ ከብቶቻችሁም እዚያው ነው የሚጠጡት።

ማታ ዝናብ ሲያባራ ፋኖስ ይዛችሁ ውጡ። ያገኛችኋትን እንቁራሪት ሳትጎዱ ጣቷን እዩ። ጫፉ ሰፊ ከሆነ ዛፍ ወጪ ልትሆን ትችላለች። ቀጭን ከሆነ ግን ሌላ ምልክት ፈልጉ፤ ሣር ውስጥ የሚኖሩት ብዙ ወገን ናቸው።