ኩላሊቱ ተተክቶም የማያርፉ ዕጢዎች

በደምበል በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚመላለስ ሰው ያውቃቸዋል፤ የታማሚ ፎቶ የተለጠፈባቸው፣ በድምፅ ማጉያ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል» የሚሉ መኪኖች። ገንዘቡ ሞልቶ፣ ወንድም ወይም እህት ኩላሊት ሰጥተው፣ ንቅለ ተከላው ከተሳካ በኋላ ስለሚመጣው ግን በማጉያ የሚናገር የለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ አገር ውስጥም አዲስ ኩላሊት ያገኙ አሉ። ብዙ ታካሚ ዓይኑ የኩላሊትን ሥራ በሚያሳየው የደም ምርመራ፣ በክሬአቲኒን ላይ ነው፤ እሱ ከወረደ «ተመስገን»። አጥንት ሲቆረጥም «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ብርድ ላይሆን ይችላል፤ መነሻው አንገት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከታይሮይድ ጀርባ ምስር የሚያካክሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። (እንግሊዛዊው የአካል አጥኚ ሪቻርድ ኦወን መጀመሪያ ያያቸው ለንደን ውስጥ በሞተ አውራሪስ አንገት ላይ ነው፤ በሰው ላይ የገለጻቸው ስዊድናዊው ኢቫር ሳንድስትሮም፣ እ.ኤ.አ. በ1880።) የደም ካልሲየም ሲያንስ ዕጢዎቹ ሆርሞን ይረጫሉ። ሆርሞኑ ከአጥንት ካልሲየም ያወጣል፣ ኩላሊት ካልሲየም በሽንት እንዳያባክንና ፎስፌት እንዲያስወግድ ያዛል፣ ቫይታሚን ዲንም ያስነቃል።

ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት ይጠራቀማል፣ ቫይታሚን ዲ አይነቃም፣ ካልሲየም ይወርዳል። ታማሚው የኩላሊት እጥበት ላይ በቆየባቸው ዓመታት ዕጢዎቹ ያለ ዕረፍት ሲያመርቱ ያድጋሉ። ካልሲየምን የሚለዩባቸው ተቀባዮች ስለሚመናመኑም «በቃ» ቢባሉ አይሰሙም። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀንሳል፤ በብዙዎች ላይ ግን ዓመት አልፎም ከልኩ በላይ ነው። ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ኩላሊት ጤነኛ ስለሆነ የሆርሞኑን ትእዛዝ አሳምሮ ይፈጽማል፦ ካልሲየም ደም ውስጥ ይበዛል፣ ትናንት የተትረፈረፈው ፎስፌት ዛሬ ያንሳል። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚወሰደው ፕሬድኒሶሎን የሚያሳሳው አጥንት በዚህም በኩል ይቦረቦራል፤ የበዛው ካልሲየም የተተከለውን ኩላሊት ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ከክሬአቲኒን ጎን ካልሲየምና ፎስፌትም ይታዩ። እነሱ ሲዛቡ የሆርሞኑ ምርመራ ይከተላል። ሐኪሞች ካልሲየሙ በጣም ካልናረ በቀር ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ፤ ዕጢዎቹ በራሳቸው ሊረጋጉ ይችላሉና። ካልሆነ ሲናካልሴት የተባለው ክኒን አለ፤ ቀዶ ሕክምናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ስፔናውያን ባሳተሙት፣ 30 ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 15ቱም ከዓመት በኋላ ካልሲየማቸው ተስተካክሏል፤ ክኒን ከወሰዱት 15 ግን የ10ሩ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ሁሉንም አይጥልም፤ ጥቂት አንገት ላይ ይተዋል፣ አለዚያም ቁራጯን ክንድ ውስጥ ይተክላታል፤ ዳግም ካስቸገረች አንገት ሳይከፈት ከክንድ ትወጣለች።