«ራዲካሊ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ከውጭ አገር ጋራ በእንግሊዝኛ የሚጻጻፍ የንግድ ቤት፥ የሽያጭ ውል መለወጡን በሚያስታውቅ ደብዳቤ ውስጥ «ራዲካሊ» የሚል ቃል አልፎ አልፎ ያገኛል። ቃሉ አንድ ቢሆንም አሳስቶ መተርጐም ኪሣራ ሊያመጣ ስለሚችል፥ ምንጩን ማወቅ ይጠቅማል።

መነሻው «ራዲክስ» የሚባለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጕሙ ሥር ማለት ነው። ሥሩ የሚበላው ራዲሽ የሚባለው አትክልት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እንግሊዞች ቅጽሉን «ራዲካል» ብለው የወሰዱት በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፥ የፖለቲካ ሰዎች ስለ መንግሥት መሻሻል ሲከራከሩ ያዘወተሩት ግን ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው።

በአማርኛ «ሥር ነቀል» እየተባለ ይተረጐማል። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩን እንጂ መነቀሉን አይናገርምና፥ «ከሥር መሠረቱ» የሚለው አነጋገር ይበልጥ ይቀርበዋል።

ከዚህ ጋራ የሚምታታው «ድራስቲካሊ» የሚለው ቃል ነው። ይህ የመጣው ማድረግ የሚል ትርጕም ካለው የግሪክ ግሥ ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ በመጀመሪያ የተነገረው ኃይለኛ ስለ ሆነ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ የለውጡን ብርታት ያመለክታል እንጂ ሥሩን አይነካም።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታያል። የ100 ብር ዕቃ 60 ብር ቢገባ ለውጡ ብርቱ ነው፤ የውሉ መሠረት ግን አልተነካም። ነገር ግን ሻጩ እስከ ጅቡቲ ወደብ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ችሎ በሲ አይ ኤፍ ይሸጥ የነበረውን ዕቃ፥ ወደፊት በአገሩ ወደብ በኤፍ ኦ ቢ እሸጣለሁ ቢል፥ ዋጋው ባይጨምር እንኳ ውሉ ከሥሩ ተለውጧል። የመርከቡን ኪራይ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ኢንሹራንስም ቢፈልግ ራሱ ይገባል።

ዛሬ ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱንም ቃላት «እጅግ» ለማለት ብቻ ይጽፏቸዋል። ቃሉ ዋጋው መውጣቱን ወይም መውረዱን፥ መጠኑንም አይገልጽም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ ትእዛዙን ከማጽናቱ በፊት የተለወጠው ዋጋው፥ የአከፋፈሉ ሁኔታ ወይስ የማስረከቢያው ቦታ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከውሉ ጋራ አያይዞ ያኑር።