አንድ መረጃ፣ ብዙ እይታ፦ የፕሮጀክት አስተዳደር ሶፍትዌር በተፋሰስ ልማት ዕቅድ ውስጥ

የፕሮጀክት አስተዳደር ሶፍትዌር አንድን የሥራ ዕቅድ በሰንጠረዥ፣ በሰሌዳ፣ በቀን መቁጠሪያና በጋንት ቻርት ያሳያል። እነዚህ አራት የተለያዩ ዕቅዶች ሳይሆኑ የአንድ መረጃ ቋት አራት እይታዎች ናቸው። አመጣጣቸው ግን ይለያያል። የጋንት ቻርት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት የታወቀ ሲሆን «ሥራው መቼ ይከናወናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የካንባን ሰሌዳ ደግሞ ከጃፓኑ የቶዮታ ኩባንያ የምርት ሥርዓት የመነጨ ነው፤ የሚመልሰውም «ሥራው የት ደረሰ?» የሚለውን ነው። ስለሆነም ከአንዱ እይታ ወደ ሌላው መሸጋገር የሚጠየቀውን ጥያቄ መለወጥ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ወቅት በሚገዛው ሥራ ላይ ነው። በዋግ ኽምራ ዞን በሰሃላ የሚታቀድ የተፋሰስ ልማት ሥራን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ሥራው ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ እርከን ይቀድማል፤ የቦረቦር ክትር ይከተላል፤ የችግኝ ጉድጓድም ክረምቱ ሳይገባ መጠናቀቅ ይኖርበታል። የእርከኑና የጉድጓዱ ካርዶች በሰሌዳው ላይ «በመከናወን ላይ» በሚለው ዓምድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁሉም በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ ይመስላል። ያው መረጃ በጋንት ቻርት ሲታይ ግን የጉድጓዱ ቁፋሮ ሰኔን አልፎ ሐምሌ ውስጥ መግባቱ ሊገለጥ ይችላል። የመንግሥት የበጀት ዓመት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ መዘግየቱ ከዝናቡም ከሒሳብ መዝጊያውም ጋር ይጋጫል።

የጋንት ቻርትም በበኩሉ የሚሰውረው አለ። ቀን ያልተሞላለት ተግባር በቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታ አያገኝም፤ በጊዜ መስመሩም ላይ በትክክል ሊቀመጥ አይችልም። በሰንጠረዥ ላይ ግን ጉድለቱ ባዶ ሕዋስ ሆኖ ይታያል።

እይታን መቀየር በራሱ መረጃውን አይነካም። በእይታው ውስጥ የሚደረግ እርማት ግን ይነካዋል። በብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ካርድን ከዓምድ ወደ ዓምድ መጎተት የሥራውን ደረጃ ይለውጣል፤ የጋንት ቻርትን አግዳሚ መጎተት ደግሞ ቀኑን ይለውጣል። ባለሙያው ለማየት የነካው አግዳሚ ለሌሎች ተጠቃሚዎች አዲስ የጊዜ ገደብ ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

በመሆኑም የእይታዎቹ ቅደም ተከተል ሊታሰብበት ይገባል። በቅድሚያ የመረጃውን ሙሉነት በሰንጠረዥ ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የተግባራቱን ጥገኝነትና ጊዜ በጋንት ቻርት መፈተሽ፣ ከዚያም ሳምንታዊ ክትትሉን በሰሌዳ ማካሄድ ተገቢ ነው። በሰሌዳ ብቻ የተገመገመ ዕቅድ ከክረምቱ ጋር የሚጋጭበትን ቀን ሳያሳይ ሊጸድቅ ይችላል።